ኢንዛይሙ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ላይ የቀረቡ የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ጥናቶች ከጣና ዳር ሲነበቡ

እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው በማድሪድ ሆነው ያዘጋጁት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ሂዩማን ሪፕሮዳክሽን አፕዴት በተሰኘው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ግምገማው 68 ጥናቶችን አሰባስቦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ያለባቸውን 4,933 ሴቶች ሲንድረሙ ከሌለባቸው 3,671 ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሲንድረምና ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ሥራ መነሻ ያደርጉታል። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ይህን አስቀድሞ መመስከር ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ትችት በግምገማው ላይ ብቻ ያነጣጠረ አይደለም። ይልቁንም ግምገማው የቆመባቸውን ጥናቶች የምናነብበትን ልማድና ከዚያ ልማድ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ማዘዣ የሚደረገውን ዝላይ ይመለከታል።

የግምገማው ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሲንድረሙ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ሆሞሲስቴይን በ23 ከመቶ፣ የቅባት መበላሸት ምልክት የሆነው ማሎንዳይአልዲሃይድ በ47 ከመቶ፣ አሲሜትሪክ ዳይሜቲልአርጂኒን ደግሞ በ36 ከመቶ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። በአንጻሩ ግሉታታዮን በ50 ከመቶ፣ ፓራኦክሶኔዝ 1 የተባለው ኢንዛይም የሥራ መጠን በ32 ከመቶ ዝቅ ብለዋል። የሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የሥራ መጠን ግን በ34 ከመቶ ጨምሯል። አዘጋጆቹ የውፍረትን ተጽዕኖ ለይተው ለማየት ከሞከሩ በኋላ፣ እነዚህ ለውጦች ከልክ ያለፈ ክብደት ብቻውን የሚያመጣቸው አይደሉም ሲሉ ደምድመዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ አንባቢን ቆም ሊያደርገው የሚገባው የመጨረሻው ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የመከላከያ ኢንዛይም ነው። ማክኮርድና ፍሪዶቪች እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳዩት ሥራው ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ብርቱ የኦክስጅን ውጤት ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ወደ ተራ ኦክስጅን መለወጥ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ደግሞ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ተቀብለው ውኃ ያደርጉታል። ሄልሙት ሲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚለውን ሐሳብ ቅርጽ ሲሰጡት የተናገሩት ስለ ሚዛን ነበር፤ በአንድ ወገን ኦክሲዳንቶች፣ በሌላው ወገን እነርሱን የሚያመክኑ ኃይሎች ቆመው፣ ሚዛኑ ወደ ፊተኞቹ ሲያጋድል ጉዳት ይከተላል ማለት ነው። እንግዲህ የመከላከያው ኢንዛይም ሥራ ከፍ ብሎ መገኘቱ ምን ማለት ነው? እንዲያው በየዋህነት ለሚመለከተው ሰው እነዚህ ሴቶች ከሌሎቹ የተሻለ መከላከያ አላቸው ማለት ይመስላል። የጥናቶቹ ጸሐፊዎች ግን ሰውነት የደረሰበትን ጫና ለመቋቋም ኢንዛይሙን አበርክቶ ማምረቱን ያመለክታል ይላሉ።

ይህ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሌሎች ጥናቶች ይህንኑ ኢንዛይም ቀንሶ ሲያገኙት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መከላከያው ተሟጦ አልቋል፣ በጫናው ተሸንፏል ተብሎ ይጻፋል። ልዩነት ካልተገኘም ሰውነት ሚዛኑን ለጊዜው ጠብቆ ቆይቷል ይባላል። ሲጨምርም፣ ሲቀንስም፣ ባለበት ሲቆምም ወደ አንድ ፍርድ የሚያደርስ ማስረጃ ማስረጃነቱ ያጠራጥራል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት “ይህ ኢንዛይም በዚህ ናሙና ውስጥ በዚህ አቅጣጫ ከተለወጠ ግምታችን ስሕተት ነው” ብሎ የጻፈ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ከዚህም ሌላ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የሚያመርተው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ራሱ ጉዳት አድራሽ መሆኑ አይዘነጋም። የኢንዛይሙ ዘረመል የሚገኘው በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው የበለጠ ይኖራቸዋል፤ ይህ ግን ከኦክሲዴቲቭ ጉዳት አላዳናቸውም። ስለዚህ አንዱን ኢንዛይም ከተከታዮቹ ነጥሎ መለካት፣ የውኃ ቧንቧን መግቢያ ብቻ ለክቶ በርሜሉ ይሞላ አይሞላ እንደሆነ እንደ መናገር ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ በሳቡንጁና ባልደረቦቻቸው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ በተባለው መጽሔት የወጣው የቱርክ ጥናት ነው። 27 ታማሚዎችንና 18 ጤነኛ ሴቶችን አነጻጽሮ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ማሎንዳይአልዲሃይድም ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝም ከፍ ብለው አገኘ። በዘመኑ በር ከፋች ሥራ ነበር። ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ የተከተሉት ብዙዎቹ በዚሁ ልክ የተቆረጡ ናቸው፤ ሃያ ሠላሳ ታማሚ፣ ከዚያ ያነሰ ወይም የሚያህል ማነጻጸሪያ ቡድን፣ አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም። ከእንዲህ ያሉ ትንንሽ ጥናቶች መካከል ልዩነት ያገኙት ለኅትመት እንደሚቀርቡ፣ ያላገኙት በመሳቢያ እንደሚቀሩ የታወቀ ነው። 68 ትንንሽ ጥናቶችን መደመር ቁጥሩን ያበዛዋል እንጂ የእያንዳንዱን ጉድለት አይፍቀውም።

በላቦራቶሪ የሚሠራ ባልደረባ ደግሞ ከዚህ የሚብስ ጥያቄ ያነሣል። የሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ አንድ “ዩኒት” ምንድን ነው? እንደ ግሉኮስ ሚሊግራም ተመዝኖ የሚነገር ነገር አይደለም። በአንድ የተወሰነ ዘዴ የአንድን ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በግማሽ የሚገታው የኢንዛይም መጠን ነው። ዘዴው ሲለወጥ ዩኒቱም ይለወጣል፤ በፓይሮጋሎል የተለካውና በሳይቶክሮም የተለካው በአንድ ዓምድ ሊደረደሩ አይገባም። ናሙናው ሴረም ከሆነ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። ይህ ኢንዛይምም ካታሌዝም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የታጨቁ ናቸው። በቀጭን መርፌ በችኮላ የተቀዳ፣ የተናጠ፣ ወይም ሳይለይ የዘገየ ደም ጥቂት ሕዋሳት ከፈረሱበት የሴረሙ ቁጥር ያሻቅባል። ያን ጊዜ የምንለካው የታማሚዋን ኦቫሪ መሆኑ ቀርቶ የቀጂውን እጅ ይሆናል። ኢንዛይም ሥራውን ይዞ እንዲቆይ ከዜሮ በታች እስከ ሰማንያ ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማስቀመጫ መኖር አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ለወራት የተጠራቀመ ናሙና ሁሉም አንድ ዓይነት ዕድል አይገጥመውም። ታማሚዎቹ አስቀድመው፣ ማነጻጸሪያዎቹ ዘግይተው ከተቀዱ ልዩነቱ የማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል።

ስለ ማሎንዳይአልዲሃይድም አንድ ለእኛ ከተማ የቀረበ ነገር እንጨምር። በብዛት የሚለካው በቲዮባርቢቱሪክ አሲድ ዘዴ ነው፤ ናሙናው ከአሲዱ ጋር ተቀላቅሎ ከ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜም በሚፈላ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ይቆያል፤ ሮዝ መልክ ሲይዝ ይነበባል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መመሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ ናሙናውን በሚፈላ ውኃ ውስጥ የነከረ ባለሙያ የተባለውን ሙቀት ፈጽሞ አያገኝም። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ታማሚንና ጤነኛን ለማነጻጸር ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ ሁለቱም በእኩል ጎደሎ ሙቀት ተቀቅለዋልና። ውጤቱን ከቱርክ ወይም ከስፔን ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ግን አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውኃ ፋንታ የብረት ማሞቂያ መጠቀም። ይሁንና ዘዴው ከማሎንዳይአልዲሃይድ ሌላ ሌሎች አልዲሃይዶችንና ቢሊሩቢንንም ጨምሮ እንደሚያነብ መርሳት አይገባም።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ሥራውን የሚሠራው በሴሊኒየም ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1973 ተረጋግጧል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝም በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ መዳብና ዚንክ፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ማንጋኒዝ ያስፈልገዋል። እነዚህ ማዕድናት ከእህል፣ እህሉም ከአፈር ያገኛቸዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አማራን ጨምሮ በኢትዮጵያ ክልሎችና በማላዊ ከአርሶ አደር ማሳ የተሰበሰበ እህል የሴሊኒየም፣ የዚንክና የሌሎች ማዕድናት ይዘት ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በአማራ ክልል ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሴሊኒየም እጥረት መኖሩን ገልጸዋል። እንግዲህ የራሷን ማሳ ጤፍ ጋግራ የምትበላ የገጠር ሴት ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዟ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ዝቅታው የኦቫሪዋ ነው ወይስ የማሳዋ?

ይህ ተራ ጥርጣሬ እንዳይመስል ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድ በዓይነ ሕሊና እንመልከት። ታማሚዎቹ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ከየወረዳው ይመጣሉ፤ ከፎገራ፣ ከደንቢያ፣ ከዘጌ፣ ከደቅ ደሴት። ማነጻጸሪያ ቡድኑ ግን በቅርብ ከሚገኙት ይመረጣል፤ ነርሶች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የሠራተኞች እህቶች። የፊተኞቹ አንድ አፈር ያበቀለውን ይበላሉ። የኋለኞቹ ከገበያ የተሸመተ፣ ከብዙ ወረዳ የተቀላቀለ እህል፣ ከዚያም አልፎ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ይበላሉ። በዕድሜና በቢኤምአይ ሁለቱን ቡድኖች ብናመጣጥን እንኳ በሴሊኒየም አላመጣጠንናቸውም። ውጤቱ “ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በታማሚዎች ዘንድ በጉልህ ቀንሷል” የሚል ይሆናል፤ የስታቲስቲክሱ ስሌትም ያጸድቀዋል፤ ግኝቱ ግን የገጠርና የከተማ ማዕድ ልዩነት ሆኖ ይቀራል። የማድሪዱ ግምገማ ይህን ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም፤ የተሰበሰቡት ጥናቶች የማዕድን መጠን አልለኩምና ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። እኛ ግን ልናልፈው አይገባንም።

ከማዕድ በተጨማሪ በጣና ዳር የኦክሲዳንት ሚዛንን የሚያዛቡ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉ። ወባ ሄሞግሎቢንን አፍርሶ ብረት ያለበትን ሄም ሲለቅ ራሱ የኦክሲዳንት ምንጭ ነው። በሐይቁ ዳርቻና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ለረጅም ዘመን የታወቀው የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላሎቹን በጉበት ውስጥ ቀብሮ የቆየ ቁጣ ይፈጥራል። የጾም ወራትም አሉ፤ በሁዳዴ የተቀዳ ደምና ከፋሲካ በኋላ የተቀዳ ደም ከአንድ ሴት እንኳ ቢሆን አንድ አይሆንም። ሌላው ቀርቶ የዘጌ ሰው ቡናውን ጠጥቶ በማለዳ ጀልባ ከመጣ፣ “ምንም ሳይቀመስ የተቀዳ” የሚለው ቃል በመዝገቡ ላይ ብቻ የቀረ ይሆናል።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ከዚህ ሲንድረም ጋር አይገናኝም ለማለት አይደለም። የሚያሳምን ሥራም አለ። ጎንዛሌዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሲንድረሙ ላለባቸው 16 እና ለሌለባቸው 15 ሴቶች 75 ግራም ግሉኮስ አጠጥተው የነጭ የደም ሕዋሳታቸውን ምላሽ ተከታተሉ። ቀጫጭኖቹ ታማሚዎች ጭምር ከግሉኮሱ በኋላ ብርቱ የኦክስጅን ውጤቶችን አብዝተው አመረቱ፤ ይህም ከኢንሱሊን አለመታዘዝና ከአንድሮጅን መጠን ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ ጥናት ከሌሎቹ የሚለየው በቁጥሩ ብዛት አይደለም፤ እርሱም ትንሽ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዷን ሴት ከራሷ ጋር፣ ከግሉኮሱ በፊትና በኋላ ማነጻጸሩ ነው። የማሳዋ ሴሊኒየም በሁለት ሰዓት ውስጥ አይለወጥም። ከዚህም ሌላ በአይጥ ኦቫሪ ሕዋሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች መጠነኛ የኦክሲዳንት ጫና አንድሮጅን የሚያመርቱትን የቴካ ሕዋሳት እንደሚያበዛ ታይቷል። ስለዚህ ትስስሩ አለ፤ መንሥኤ ይሁን ውጤት፣ ወይም ሁለቱም የኢንሱሊን አለመታዘዝ ልጆች ይሁኑ ገና አልተለየም።

የሕክምናው ዝላይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። “ኦክሲዳንት በዝቷል፣ እንግዲያው አንቲኦክሲዳንት ይሰጥ” የሚለው አነጋገር በስብሰባዎች መዝጊያ ስላይድ ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያም ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ሲና ስማቸው የረዘመ ቅልቅል እንክብሎች ለመካንነት ተብለው ይሸጣሉ። ለዚህ አነጋገር የሚቀርበው መልስ ከሥነ ተዋልዶ ፊዚዮሎጂ ራሱ ይመጣል። ሽኮልኒክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት እንቁላል ከፎሊክሉ ፈንድቶ ለመውጣት እነዚሁ ብርቱ የኦክስጅን ውጤቶች ያስፈልጉታል፤ በኦቫሪው ውስጥ አንቲኦክሲዳንት ሲጨመር የእንቁላል መውጣት ተገታ። እንቁላል አልወጣ ላላት ሴት ይህን የሚገታ ነገር መስጠት ቢያንስ ማሰብን ይጠይቃል። ሪስቶቭና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ስፖርት የሚሠሩ ጤነኛ ወጣት ወንዶች በቀን 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ሲወስዱ የሰውነት እንቅስቃሴው ለኢንሱሊን ታዛዥነት የሚሰጠው ጥቅም ተወሰደባቸው። ጥናቱ በእነዚህ ሴቶች ላይ አልተደረገም፤ ሆኖም ለሲንድረሙ በቅድሚያ የምንመክረው የሰውነት እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ በአንድ እጅ የሰጠነውን በሌላው እንዳንነጥቅ ያሳስበናል። ኤን አሴቲልሲስቴይን ከባዶ እንክብል ይልቅ ለእንቁላል መውጣት የረዳ መስሎ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ፤ ከሜትፎርሚን ግን አልበለጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰው የኮክሬን ግምገማም በመካንነት ላሉ ሴቶች የሚሰጡ አንቲኦክሲዳንቶችን ማስረጃ ጥራቱ ዝቅተኛ ሲል መዝኖታል።

ጉዳዩ ከመጽሔት ክርክር አልፎ የሚያሳስበን ስለዚህ ነው። ከሐይቁ ማዶ ተነሥታ የምትመጣ፣ ባለመውለዷ ትዳሯ የተናጋባት፣ ጠበል ተጠምቃና የአገር መድኃኒት ሞክራ በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል የደረሰች ሴት በቦርሳዋ የያዘችው ገንዘብ የተቆጠረ ነው። ገንዘቡ በሦስት ወር የአንቲኦክሲዳንት እንክብል ካለቀ ለሌትሮዞል አይተርፍም። ሌትሮዞል ደግሞ የተመሰከረለት ነው፤ ሌግሮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባወጡት፣ 750 ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 ከመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 ከመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም እንቁላል ለማስወጣት ሌትሮዞልን ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል።

መመሪያው ሲንድረሙ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 ከመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገምታል። በእኛ አገር መካንነት ሲነሣ ሐሳባችን ፈጥኖ ወደ ተዘጋ የማኅፀን ቱቦ፣ ወደ ቆየ የዳሌ ኢንፌክሽንና ወደ ማኅፀን ሳንባ ነቀርሳ ይሄዳል፤ እነዚህም በርግጥ አሉ። የወር አበባዋ በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ የሚመጣባት ሴት ግን ማንም ሳይጠይቃት ልትመለስ ትችላለች። ለምርመራው ከሦስቱ ሁለቱ መሟላት ይበቃል፤ የእንቁላል መውጣት መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛት በአካል ወይም በደም መታየት፣ እና በአልትራሳውንድ የኦቫሪ መልክ ወይም የኤ ኤም ኤች ሆርሞን ከፍታ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ አልትራሳውንዱ አያስፈልግም፤ በልጃገረዶች ዘንድ ደግሞ ጭራሹን ለምርመራ አይውልም። “እህቴ፣ የወር አበባሽ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? አገጭሽን በምላጭ ታነሺያለሽ?” ብሎ በር ዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ከየትኛውም የኢንዛይም መለኪያ ይቀድማል። እርግዝና፣ የታይሮይድ ሕመምና የፕሮላክቲን መብዛት መለየት አለባቸው፤ ብዙ ደም ፈስሷት ከወለደች በኋላ የወር አበባዋ የቀረባት ሴትም ሌላ መንገድ ያስፈልጋታል።

ኢንዛይሞቹን ለመለካት ስንጓጓ የምንዘነጋቸው ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው ስኳር ነው፤ መመሪያው የሚመክረው የ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ግሉኮሜትርና ሁለት ሰዓት የሚጠይቅ ሲሆን የጎንዛሌዝን ጥናት መሣሪያ ያህል እንኳ አያስፈልገውም። ሁለተኛው የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን መወፈር ነው። የወር አበባዋ ከ90 ቀን በላይ የሚዘገይባት ሴት ለዓመታት ያለ ፕሮጄስትሮን በኢስትሮጅን ብቻ ስትኖር ሽፋኑ ይደድራል፣ ወደ ካንሰርም ሊያመራ ይችላል። ይህን በየጊዜው በሚሰጥ ፕሮጄስቲን ወይም በተጣመረ የወሊድ መከላከያ እንክብል መጠበቅ ይቻላል። ልጅ የማትፈልግ ሴት ስለ መካንነት አልጠየቀችምና ይህን ሳይነገራት መሄድ የለባትም።

የሲንድረሙ ስም ራሱ ለዚህ መዘናጋት የበኩሉን አድርጓል። ስታይንና ሌቨንታል እ.ኤ.አ. በ1935 ሰባት ሴቶችን ገልጸው ከጻፉ ጀምሮ “ሲስት” የሚለው ቃል ተጣብቆበት ቀረ፤ በአልትራሳውንድ የሚታዩት ግን ዕድገታቸው የቆመ ፎሊክሎች ናቸው። ታማሚዋ “ዕጢ አለብሽ” ተብላ ስትደነግጥ፣ ሐኪሙም ኦቫሪውን ብቻ ሲያይ የደም ግፊቷና ስኳሯ ሳይለካ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተብሎ በባሕር ዳር የኢንዛይም ጥናት አይደረግ አልተባለም። እንዲያውም የትኛውም ትልቅ የውጭ አገር ማዕከል የሌለው ዕድል እዚህ አለ፤ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ አፈራቸውና ማዕዳቸው የተለያዩ ወረዳዎች፣ በሁለቱ ሆስፒታሎች፣ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ጊዮን፣ የሚገናኙ ታማሚዎች፣ አጠገባቸውም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ። ከ27 እና ከ18 ያልዘለለ ሌላ ጥናት ግን ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እያንዳንዷን ታማሚ ከዚያው ከቀበሌዋ ከመጣች ማነጻጸሪያ ጋር ያጣመረ፣ የፕላዝማ ሴሊኒየምና ዚንክ ከኢንዛይሞቹ ጋር አብሮ የለካ፣ የቀይ ደም ሕዋሳትን ውጤት በሄሞግሎቢን ግራም አካፍሎ የጻፈ፣ የፈረሰ ናሙናን የጣለና የጣለውንም የቆጠረ፣ የወባና የቢልሃርዚያ ምርመራ ያደረገ፣ የታማሚዎቹንም የማነጻጸሪያዎቹንም ደም በአንድ የጾም ወይም የፍስክ ወቅት የቀዳ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ቢጨምር ምን፣ ቢቀንስ ምን እንደሚል አስቀድሞ የጻፈ ይሁን። በአገራችን እጅግ የተስፋፋው የወሊድ መከላከያ የሦስት ወር መርፌ የወር አበባን ስለሚያስቀር ታማሚ ያልሆነችውን ታማሚ ያስመስላታል፤ ከተቋረጠም በኋላ ተጽዕኖው ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ደም ከመቀዳቱ በፊት በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚጻፈው እያንዳንዷ ሴት የመጨረሻውን መርፌ የወሰደችበት ቀን ይሁን።